ክርስቶስ ያልደረሰበት መንደር
(ስለ ካርሎ ሌቪ የግዞት ዓመትና ስለ ገጠር ዝምታ)

የጣልያን ወረራ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ማይጨው ነው፤ ወደ ተንቤንና ወደ ሽሬ ነው። የሚገባም ነው፤ ወገኖቻችን ያለቁት እዚያ ነውና። ነገር ግን ያ የመጣብን ጦር አገር ቤት ነበረው። ጠመንጃ የተሸከመው ወጣት ከአንድ መንደር ነው የወጣው፤ እናቱም፣ አህያውም፣ ዕዳውም እዚያው ቀርተዋል። ለመሆኑ ያ መንደር ምን ይመስል ነበር? የጦርነቱ ወሬ ሲደርሰው ምን አለ? እልል አለ? አለቀሰ? ወይስ ዝም አለ? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ለጥያቄያችን አንድ ጥሩ ምስክር አለን። ምስክሩ ጣልያናዊ ነው፤ ግን የፋሺስቶች ወገን አይደለም። ጦሩ መረብን ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ባሉት ወራት በደቡብ ጣልያን ገጠር ታግዶ ተቀምጦ ነበር። ያየውንም ጻፈልን። (የጣልያኑን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እንጽፋለን፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. የሚል ምልክት አለበት።)

፩. ሰውየውና ግዞቱ

ካርሎ ሌቪ በ1902 በሰሜን ጣልያን፣ በቱሪን ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1924 በሕክምና ተመረቀ፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ሕክምናውን ተወና ሠዓሊ ሆነ። ዘመኑ ግን ሠዓሊን በሰላም የሚያስቀምጥ አልነበረም። ስደተኞች በ1929 በፓሪስ «ፍትሕና ነጻነት» የተባለ የፀረ ፋሺስት ንቅናቄ ሲያቋቁሙ፣ በቱሪን ካሉት ደጋፊዎች አንዱ እሱ ነበር። በ1934 አንድ ጊዜ፣ በ1935 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ታሰረ። በመጨረሻም ወደ ደቡብ ተጋዘ።

ግዞቱ እንዴት ያለ ነው? በ1926 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሰው ለመንግሥት «አደገኛ» ነው ከተባለ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ ዳኛ ሳያየው፣ አንድ ኮሚሲዮን ተሰብስቦ ይወስንበታል። ከዚያ በኋላ ከተመደበበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። በየቀኑ ለሹሙ ይታያል፤ ደብዳቤው ይነበባል፤ ከተወሰነለት ድንበር አልፎ አንድ እርምጃ ቢሄድ ይታሰራል። ግዞት የሚለው ቃል መቼም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድሮ በእኛ አገር ሰው የሚጋዘው ወይ ወደ አምባ ነው፣ ወይ ወባ ወደ ጠናበት ቆላ ነው። ፋሺስቶቹም ከዚህ የራቀ ዘዴ አልነበራቸውም፤ ወይ ደሴት፣ ወይ ወባ ያለበት የደቡብ ተራራ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መንግሥት ለቅጣት ብሎ የመረጠው ቦታ ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሰው ይኖርበታል። ለቱሪኑ ምሁር ቅጣት የሆነው ነገር ለአካባቢው ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ኑሮው ነው። ገበሬው ምን አጥፍቶ እንደተቀጣ ማንም አልነገረውም።

፪. መንደሩ

ሌቪ በነሐሴ 1935 መጀመሪያ የተላከው ግራሳኖ ወደምትባል መንደር ነበር። በመስከረም ወደ አሊያኖ አዛወሩት። አሊያኖ በሉካኒያ፣ ዛሬ ባዚሊካታ በሚባለው ክፍል፣ ከአግሪ ወንዝ ሸለቆ በላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት። ዙሪያዋን ዝናብ የቦረቦረው ነጣ ያለ የሸክላ አፈር ገደል ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው ጎሕ ሳይቀድ አህያውን እየነዳ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ማታ ተመልሶ ዳገቱን ይወጣል፤ መንገዱ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ታዲያ ለምን ማሳው አጠገብ ቤት ሠርቶ አያርፍም? እንዳንል ሸለቆው ወባ ነው። ወባው ከሰው ጉልበቱን በልቶ ይጨርሳል፤ ሰውየው ደግሞ የቀረችውን ጉልበት በመንገድ ይጨርሳል።

ፍየል ነበረቻቸው። ፍየል ዛፍ ትጎዳለች ተብሎ በፍየል ላይ ግብር ተጣለ። ዛፍ በሌለበት አገር! ድኻው የሚከፍለው ስላጣ ፍየሉን አረደ፤ ከዚያ በኋላ ወተቱም ቀረ። ሌቪ እንደሚነግረን በመንደሩ የሚኖረው ሰው 1200 ሲሆን አሜሪካ የሄደው የመንደሩ ሰው ግን 2000 ነበረ። ከአሜሪካ ጥቂት ዶላር ይዘው ለአጭር ጊዜ የተመለሱት ደግሞ በ1929 የዓለም ኤኮኖሚ ሲናጋ መንገዱ ተዘጋባቸውና እዚያው ቀሩ። በየጎጆው ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕሎች ተለጥፈው ያይ ነበር፤ አንደኛው የቪጂያኖዋ እመቤታችን፣ ሁለተኛው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት። የንጉሡ ወይም የሙሶሊኒ ሥዕል በገበሬ ቤት አልታየውም።

ሮማ ለእነሱ ምንድን ናት? ግብር ሰብሳቢ የሚመጣባት፣ የወታደር መጥሪያ የሚላክባት ሩቅ አገር። በእነሱና በሮማ መካከል ደግሞ የመንደሩ ጌቶች ቆመዋል፤ ሹሙ፣ ጸሐፊው፣ ሙያቸውን የረሱት ሐኪሞች፣ በትንሽ ሥልጣን እርስ በርስ የሚናከሱት ሁሉ። ሌቪ የችግሩን ሥር የሚያየው ከትልቁ ባላባት ይልቅ በዚህ የመንደር ንዑስ ከበርቴ ላይ ነው። ይህ አሳቡ አከራክሯል፤ ግን የመንደር ሹምንና ጸሐፊን የሚያውቅ አንባቢ ሰውየው ምን እንደሚል አይጠፋውም።

፫. የተፈቀደው መንገድ

ሰላማዊ ሰው ገጠር ሲቀመጥ ሽርሽር ይወጣል፤ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። የግዞተኛው ሽርሽር ግን በገመድ የታሰረ በሬ ግጦሽ ነው። የሌቪ ገመድ ጫፍ የመቃብሩ ቦታ ነበር። እስከዚያ ድረስ መሄድ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ሸራውንና ቀለሙን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ ወደዚያ መሄድ አዘወተረ። ፀሐዩ ሲበረታ አዲስ በተቆፈረ ባዶ መቃብር ውስጥ ገብቶ ይጋደምና ሰማዩን ያይ ነበር። ይህን ሲጽፍ ለማስፈራራት ብሎ አይደለም፤ ሌላ ጥላ ስላልነበረ ነው። ከመቃብር ቆፋሪው ሽማግሌ ጋርም እዚያው ተቀምጦ ያወራል። አንድ ጊዜም የጀመረውን ሥዕል እንዲጨርስ ለጥቂት ቀን ወደ ግራሳኖ እንዲሄድ ፈቀዱለት፤ ይህንኑ እንደ ትልቅ በዓል ነው የሚቆጥረው።

አንዱ መንገድ ግን ከሁሉ ይልቅ ይነገራል። ሌቪ ሐኪምነቱን ትቶ የነበረ ቢሆንም ገበሬዎቹ አልተዉትም። ከመጣበት ቀን ጀምሮ የታመመ ልጃቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። የሚችለውን አደረገ፤ ኪኒን ሰጠ፣ ቁስል አጠበ። (እኛ ዛሬ ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ ከጣልያንኛው የወባ መድኃኒት ስም ነው፤ ቃሉም በሽታውም ያገናኘናል።) ይህን ጊዜ ቅናት ተነሣ፤ ከበላይ ትእዛዝ መጣና ሕክምናው ተከለከለ። ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ እርሻ አንድ ገበሬ ወንድሙ በሆድ ሕመም ሊሞትበት እንደሆነ እየለመነ መጣ። ሌቪ ሊሄድ ተነሣ፤ ነገር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በፈቃዱ ጭቅጭቅ ሰዓታት አለፉ። ጨለማ ለጨለማ ተጉዞ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር፤ በሽተኛው ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

ዝም ብሎ የኖረው መንደር ያን ጊዜ ተናወጠ። ገበሬዎቹ የመንግሥቱን ቤት ካላቃጠልን አሉ። ሌቪ ራሱ ነው ለምኖ ያበረዳቸው፤ ወታደር መጥቶ እንደሚፈጃቸው ያውቃልና። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወጣቶቹ ቲያትር ሠሩ! አንዱ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ የሮማ ሹም ሆኖ በየጌቶቹ ደጃፍ እየዞሩ የሞተውን ሰው ታሪክ አሳዩአቸው። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው «የገጠር ሰው ዝም ይላል፣ አያውቅም፣ አይሰማውም» የሚለውን አነጋገር መልሶ ሊያስብበት ይገባል። ያውቃል። ቋንቋውን የሚሰማው ሲያጣ ነው ዝም የሚለው።

፬. የጦርነቱ ወሬ

በመስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በሮማ ሰገነት ላይ ወጥቶ ጦርነቱን አወጀ፤ በማግስቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። በየከተማው ደወል ተደወለ፣ ሬዲዮ ጮኸ። በሰሜን ከተሞች ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው። በታኅሣሥ 18 ቀን 1935 ደግሞ ባለትዳሮች የወርቅ ቀለበታቸውን ለአገር አውልቀው እንዲሰጡ ተደርጎ፣ ንግሥቲቱ ሳትቀር ቀለበቷን ሰጠች።

አሊያኖ ላይስ? ሹሙ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ሬዲዮ አሰማቸው፤ ሰሙ፤ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሌቪ ከቤታቸው ሲገባና ሲያወራቸው ያገኘው መልስ ግን በእኛ አስተያየት በዚያ ዓመት በመላው ጣልያን ከተነገረው ንግግር ሁሉ የበለጠ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለጦርነት የሚሆን ገንዘብ ካለ በአግሪ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል፣ ለምን እሱን አያሠሩልንም? ለምን ውሃ አያወጡልንም? ለምን ዛፍ አያስተክሉልንም? ይህ ጦርነት የሮማዎች ነው፤ መሞቱ ግን የእኛ ይሆናል። መሬት ይሰጣችኋል ስለተባለው ተስፋም አላመኑትም። የሌላ ሰው መሬት ተነጥቆ የተሰጠ እንደሆነ አይበጅም ያሉም ነበሩበት።

የሌቪ መጽሐፍ ርእስ ከዚሁ ከገበሬዎቹ አፍ የተወሰደ ነው፤ «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቆመ» ይላል። ኤቦሊ ባቡሩና መንገዱ የባሕሩን ዳር ትተው ወደ ሉካኒያ ተራራ የሚገቡባት ከተማ ናት። በገበሬዎቹ አነጋገር ክርስቲያን ማለት ሰው ማለት ነው። «ክርስቶስ እኛ ዘንድ አልደረሰም» ሲሉ «እኛ ከሰው አልተቆጠርንም» ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ክርስቶስ አልደረሰብንም ከሚሉ መንደሮች የተለቀሙ ልጆች በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን የተቀበለ አገር «እንዲያሠለጥኑ» በመርከብ ተጫኑ። ድልድይ ያልተሠራለት ሰው ድልድይ ሊሠራልን መጣ ተባለ። ወባውን ያላጠፉለት ሰው ሕክምና ሊያስገባልን መጣ ተባለ። የአውሮፓ ቅኝ ገዢነት ብዙ ውሸት አለው፤ እንደዚህ የተራቆተ ግን አላየንም።

፭. ድኽነት ንጽሕና ነውን?

እስከዚህ የመጣ አንባቢ ልቡ ሳይራራ አይቀርም፤ የእኛም ራርቷል። «እንግዲያማ የጣልያን ገበሬና የእኛ ጭሰኛ ወንድማማች ናቸው፤ ጥፋቱ የፋሺስቶቹ ብቻ ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ብዙ ጊዜም በተማሪዎች ክርክር ላይ እንዲህ ተብሏል። እኛ ግን እዚህ ላይ ፍጥነት አንወድም።

በመቀሌ መንገድ፣ በተንቤን ገደልና በአሸንጌ ዳር የመርዝ ጋዝ የረጨው አውሮፕላን በገበሬ የተነዳ አልነበረም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባን ሦስት ቀን የፈጁት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ብቻ አልነበሩም። አካፋና ዱላ ይዘው፣ ቤንዚን ተሸክመው ጎጆ ያቃጠሉት ለመንገድ ሥራና ለሹፌርነት የመጡ ተራ ሰዎችም ነበሩባቸው። እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? ከአንድ ድኻ መንደር ነው። አገሩ ሳለ በሹሙ ፊት ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ጌታ ሆነ። ፋሺስቱ ለገበሬው መሬቱን ገና ሳይሰጠው አስቀድሞ የሰጠው ነገር ይህ ነው፤ ከእሱ በታች የሚረገጥ ሰው።

መሬቱስ? በጨርጨር የፑሊያ፣ በወገራ የሮማኛ ገበሬዎችን የሚያሰፍሩ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ካርታ ተነደፈ፣ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። የሰፈረው ሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር፤ አርበኛውም እንቅልፍ አልሰጠም፤ በ1933 ዓ.ም. ሁሉም ፈረሰ።

ስለዚህ ፍርዳችን ሁለት ነገር በአንድነት መያዝ አለበት። ያ መንደር ጦርነቱን አልፈለገውም፤ ዝምታው እሺታ አልነበረም። ዝምታው ግን ጦሩን አላስቀረውም፤ ልጆቹም በእኛ ላይ ላደረጉት ነገር ምክንያት ሊሆናቸው አይችልም። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ታሪክ ጸሐፊ፣ ወይ ለገዳይ ይቅርታ ሲያድል ይገኛል፣ ወይ አንድን ሕዝብ በሙሉ ሲረግም ይገኛል።

፮. የመፈታትና የመታሰር ሒሳብ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ደስታ ምክንያት መንግሥቱ ለግዞተኞች ምሕረት አደረገ። ሌቪም በዚያው በግንቦት ወር ተፈታ። እንዴት ያለ ሒሳብ ነው! የእኛ መያዝ የእሱ መፈታት ሆነ። እሱም ቢሆን ለመሄድ አልቸኮለም፤ ከሌሎቹ ግዞተኞች በኋላ ነው እያመነታ መንደሩን የተሰናበተው።

ዓመት ሳይሞላ የግዞቱ መንገድ በሌሎች እግር ተረገጠ። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ 400 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ቤተ ሰቦቻቸው፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ወደ ጣልያን ተጋዙ። በአሲናራ ደሴት፣ በቲቮሊ፣ በአቬሊኖ አጠገብ በመርኮሊያኖ፣ በካላብሪያ ተራራ ላይ በሎንጎቡኮ ተበታተኑ። ራስ እምሩም ከእነዚህ ግዞተኞች አንዱ ነበሩ። የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ልዕልት ሮማንወርቅ ኃይለ ሥላሴ ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው በ1940 በቱሪን አረፉ። ቱሪን የሌቪ ከተማ ናት። የቱሪኑ ሰው ወደ ደቡብ ገደል፣ የአዲስ አበባዋ ልዕልት ወደ ቱሪን፤ የላካቸው መንግሥት ግን አንድ ነው።

እነዚያ ወገኖቻችን በጣልያን ገጠር መስኮት ላይ ተቀምጠው ምን አስበው ይሆን? የቆላውን ገበሬ አህያውን ነድቶ ሲወጣ ሲያዩ አገራቸው ትዝ አላቸው? ልጆቹ ከመንደሩ ልጆች ጋር ተጫወቱ? የሌቪ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለም አንብቦታል። የእነሱን ግዞት የሚተርክ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን በእያንዳንዳችን መደርደሪያ ላይ የለም። ታሪክ የሚማር ጓደኛችን የምርምር ርእስ ቢቸግረው እነሆ!

፯. ከዚያ ወዲህ

ሌቪ መጽሐፉን የጻፈው በ1943 እና በ1944፣ በፍሎረንስ ከናዚዎች ተደብቆ ሳለ ነው፤ በ1945 ታተመ። ከታተመ በኋላ ደቡቡ የጣልያን ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በ1949 በካላብሪያ፣ በሜሊሳ፣ ጦም ያደረ የባላባት መሬት የያዙ ገበሬዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሦስት ገደለ። በ1950 የመሬት ማሻሻያ ሕግ ወጣ። የሌቪ እኅት ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ልጆች «ኪኒን ስጪን» እያሉ የተከተሏት የማቴራ ዋሻ ቤቶች በ1952 ሕግ ወጥቶባቸው ነዋሪው ወደ አዲስ ቤት ተዛወረ። ወባውም ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጠፋ። በ1993 ደግሞ እነዚያው ዋሻዎች የዓለም ቅርስ ተባሉ፤ ዛሬ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ያድርባቸዋል። ገበሬው ግን መሬቱ ሲደርሰው እግሩ ወጥቶ ነበር፤ ወደ ቱሪንና ወደ ሚላኖ ፋብሪካዎች፣ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊስ ሄደ። አሊያኖ ዛሬ ከሺህ ያነሰ ሰው ነው ያላት።

ሌቪ በ1963 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ እስከ 1972 አገለገለ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1967 ዓ.ም. በሮማ ሞተ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ታኅሣሥ 12 ቀን በእኛ አገር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተከፍቶ፣ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሊሰማሩ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በመንግሥት ትእዛዝ ተልከው፣ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበሬውን ቤቱ ገብተው አዩት። በየካቲት 25 የመሬት ዐዋጁ ሲታወጅ እዚያው ነበሩ። አንዳንዱ ሊያስተምር ሄዶ ተምሮ መጣ፤ አንዳንዱ የመንደሩን ዝምታ ድንቁርና ነው ብሎ ንግግር ሲያደርግበት ከረመ።

ሌቪ ከእነዚያ ከሁለተኞቹ የሚለየው ገበሬውን ስላደነቀው አይደለም። ለመሄድ ስላልቻለ ነው መስማት የጀመረው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ፣ የታመመውን እያየ፣ የሞተውን እየቀበረ፣ ዝምታው ውስጥ ያለውን ጥያቄ ለየው። ሲሞትም እንዲቀበር የመረጠው በቱሪን አይደለም። መቃብሩ በአሊያኖ፣ ያኔ ከዚህ ወዲያ እንዳታልፍ በተባለበት ቦታ ላይ ነው።

እኛም በየበኩላችን ከትምህርት ወጥተን ወደ አንድ ገጠር እንመደባለን። ከንግግራችን አስቀድሞ የምንጠይቀው ጥያቄ ከአሊያኖ ገበሬ ብንዋስ አናፍርም። ለጦርነት ገንዘብ ከተገኘ ድልድዩ ለምን አልተሠራም? ጥያቄው ከተነሣ እነሆ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ በስንቱ አገር ያለ ገበሬ ዛሬም መልሱን ይጠብቃል።